ጆይስቲክ ነጣቂዋ ክብርት እህቴ

ጌም ባለበት ቤት ሁሉ አንድ ጆይስቲክ ነጣቂ አይጠፋም። ጎረቤት ሊሆን ይችላል፣ የአክስት ልጅ ሊሆን ይችላል፤ እኛ ቤት የተመደበችው ግን ክብርት ታላቅ እህቴ ነበረች።

ጌሙ ከሥዕላዊ መጽሔት የተወሰደ ነው፤ ካባ የለበሰ ጀግና ከተማውን ከወንበዴ ያጸዳል። እኔ ፊደል ሳልቆጥር መጽሔቱን ያነበበችልኝ እሷ ስለሆነች፣ ራሷን የጀግናው ሕጋዊ ወኪል አድርጋ ሾመች። ሜዳው ላይ እንድሮጥ ይፈቀድልኛል። ገደል ሲመጣ ግን ጆይስቲኩ ከእጄ ላፍ ይላል። «ይቺን ብቻ ላሳልፍህ» ትላለች። «ይቺ» የምትባለው ነገር አንዳንዴ ሦስት ደረጃ ትፈጃለች። ለእናታችን አቤት ስል ደግሞ መጥታ ቴሌቪዥኑን ታጠፋዋለች፤ ፍርዷ አያዳላም።

ጌሙ የደረስንበትን አይመዘግብም፤ ከጠፋ ከዜሮ ነው። አንድ ቅዳሜ የመጨረሻው በር ላይ ደርሰን ምሳ ስንጠራ፣ እህቴ ጌሙን ባለበት አቁማ ቴሌቪዥኑን አንሶላ አለበሰችው። አባታችን ዜና ሊያይ አንሶላውን ሲገልጥ ጀግናው አንድ እግሩን አንስቶ ደርቋል። ቴሌቪዥኑ ተበላሸ ብሎ ጠጋኝ ጠራ። ጠጋኙም ከሁሉ በፊት ሶኬቱን ከነጌሙ ነቀለ። እህቴ ሰውየውን ወር ሙሉ ሰላም አላለችውም።

ዛሬ የጥርስ ሐኪም ናት፣ ሌላ ከተማ ትኖራለች። መሣሪያ ይዛ ስትሠራ «ተራዬን» የሚላት የለም፤ እንደ እሷ ሙያውን ያገኘ ሰው አላየሁም። በዓመት አንዴ ትመጣለች፤ ግን እንግዳ ሆና ነው የምትመጣው። ውሃ እንኳን «ካላስቸገርኩ» ብላ ትጠይቃለች። ይህቺን ጨዋ ሴትዮ ማን እንደላከብኝ አላውቅም። ሰው አጠገባችን ተቀምጦም ይናፈቃል ለካ።

ባለፈው ስትመጣ አሮጌውን ጌም ከቁም ሳጥን አውጥቼ ሰካሁና ጆይስቲኩን ሰጠኋት።

«ኧረ አንተ ተጫወት፤ እኔ ልይ» አለችና እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች።

እውነቱን ለመናገር ያንን ገደል ለብቻዬ ስለማመደው ከርሜአለሁ፤ ዓይኔን ጨፍኜ እዘለዋለሁ። ቢሆንም ወደቅኩ። ደግሜ ወደቅኩ። ቀድሜ እየዘለልኩ መሆኔን ለበሽተኛ በምትናገርበት ድምፅ ነገረችኝ። አመስግኜ ተጠነቀቅኩ። አንድ ሕይወት ብቻ ቀረን፤ አውቶቡሷ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይነሳል። አፋፉ ላይ ስደርስ ጀግናውን አቆምኩት፤ ይሄኛው የማስመሰል አልነበረም። ካልነጠቀችኝ እንደ እንግዳ መጥታ እንደ እንግዳ ልትሄድ ነው።

እህቴ ጫማዋን አወለቀች።

«ፈቀቅ በል» አለችኝ።

መንጭቃ ስትወስደው ጥፍሯ እጄን ቧጨረኝ። ዘለለች። ወደቀች። «ክርኔን ነክተኸኝ ነው» ብላ ጮኸችብኝ። ሳልነካት ይቅርታ ጠየቅኳት፤ በዕድሜዬ እንደዚያ ደስ ብሎኝ ይቅርታ ጠይቄ አላውቅም።