ካርኒታስ በእትዬ አፀደ ድስት

(ጉለሌ፣ ከቁስቋም በታች፣ የእትዬ አፀደ ግቢ። አንዲት የኪራይ ክፍል። በሩ ተዘግቷል፤ መስኮቱ በጣት ያህል ብቻ ተከፍቷል። ወለሉ ላይ የከሰል ምድጃ፣ ምድጃው ላይ ትልቅ ጥቁር ድስት። ኢዩና ዳኜ ክፍሏን አብረው የተከራዩ ወጣቶች ናቸው። ኢዩ ሽርጥ አገልድሞ ስልኩ ላይ የምግብ አሠራር ቪዲዮ ያያል። ዳኜ ድስቱ ላይ አጎንብሷል።)

ኢዩ፦ ክደነው አልኩህ እኮ!

ዳኜ፦ አልከፈትኩትም።

ኢዩ፦ ክዳኑ እጅህ ላይ ነው!

ዳኜ፦ ለማየት ብቻ ነው ያነሳሁት።

ኢዩ፦ በከፈትከው ቁጥር ሥጋው ወደ ጥሬነቱ ይመለሳል። ሼፉ ተናግሯል።

ዳኜ፦ አንተ ስትቀምስ ታዲያ በየት በኩል ነው የምትገባው?

ኢዩ፦ እኔ ስከፍተው ቁጥጥር ይባላል። ክደን!

(ዳኜ ይከድናል።)

ዳኜ፦ ማን ነበር ያልከኝ ስሙን?

ኢዩ፦ ካርኒታስ። የሜክሲኮ ምግብ ነው። ደግሞ ስለ አደባባዩ እንዳትጀምረኝ፤ አገሩን ነው።

ዳኜ፦ አልጀመርኩም። እንዲህ ያለ ሽታ ግን እዚያ ታክሲ ተራ ገጥሞኝ ያውቃል።

ኢዩ፦ ስማ፣ ተማር። የአሳማ ሥጋ በራሱ ስብ ውስጥ ቀስ እያለ ይበስላል። ብርቱካን አለው፣ ነጭ ሽንኩርት አለው፣ ቀረፋ አለው። አይጠበስም፤ አይቀቀልም።

ዳኜ፦ ታዲያ ምን ይሆናል?

ኢዩ፦ በራሱ ጊዜ እጁን ይሰጣል።

ዳኜ፦ አሳማ እጅ አለው እንዴ?

ኢዩ፦ ቀስ በል! ያቺን ቃል አትጥራት። እትዬ አፀደ ግቢ ውስጥ ናቸው።

ዳኜ፦ (በሹክሹክታ) አሳማ።

ኢዩ፦ በሹክሹክታም አትበላት! ከጠየቁህ በግ ነው። እኚህ ሴትዮ እኮ በፍስኩም የሚጾሙ ሰው ናቸው። ይህ ነገር ግቢያቸው መግባቱን ያወቁ ዕለት ዕቃችን አስፋልት ላይ ነው። በዚህ ኪራይ ደግሞ ማን ሌላ ቤት ይሰጠናል? እንጦጦ ወጥተን ከጅብ ጋር ነው የምናድረው።

ዳኜ፦ ይህን እያወቅክ ለምን አመጣኸው?

ኢዩ፦ የእኛ ቸርቿ ሩቲና የመዘምራን ጓደኞቿ ለምሳ ይመጣሉ። እሁድ ከአምልኮ በኋላ ስለ ምግብ ሲወራ፣ «እኔ ካርኒታስ እሠራለሁ» አልኩ።

ዳኜ፦ ትችል ነበር?

ኢዩ፦ ያኔ አልችልም ነበር።

ዳኜ፦ አሁንስ?

ኢዩ፦ ሥጋውን በጊታር ቦርሳ ከትቼ በእትዬ አፀደ ፊት ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ይህን ያቀደ ጭንቅላት ድስት መጣድ ያቅተዋል?

ዳኜ፦ ሲያዩህ ምንም አላሉህም?

ኢዩ፦ «ጊታርህ ይንጠባጠባል» አሉኝ።

ዳኜ፦ ምን አልካቸው?

ኢዩ፦ ዝናብ መትቶት ነው አልኳቸው።

ዳኜ፦ ዛሬ ዘንቧል እንዴ?

ኢዩ፦ እሳቸው አልጠየቁኝም፤ አንተ ምን ቤት ነህ? ይልቅ ሽታው በመስኮቱ እየወጣ ነው። ያንን የባሕር ዛፍ ቅጠል ፍሙ ላይ ጨምርበት።

(ዳኜ ቅጠሉን እንዳለ ይጨምረዋል። ክፍሉ በጭስ ይሞላል። ሁለቱም ይስላሉ።)

ዳኜ፦ (እየሳለ) አሁን ምን ምን እንሸታለን?

ኢዩ፦ (እየሳለ) ጉንፋን... ጉንፋን እንሸታለን። ባሕር ዛፍ የሚታጠን በሽተኛ ነው።

(ከውጭ እትዬ አፀደ ዳኜን ይጣራሉ።)

ኢዩ፦ አለቀልን! ሂድ፣ ሂድ! ጉንፋን ይዞታል በላቸው። በሩን ዝጋው!

(ዳኜ ይወጣል። ኢዩ ዳቦ ቆርሶ ድስቱ ውስጥ ይነክራል፤ ይጎርሳል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ይነቀንቃል። ዳኜ ዝንጅብል ይዞ ይመለሳል።)

ኢዩ፦ ምን አሉ?

ዳኜ፦ «ምን ሆናችሁ ነው የምትታጠኑት?» አሉ። ጉንፋን ነው አልኳቸው። ዝንጅብል ሰጡኝና ሳቁ።

ኢዩ፦ ሳቁ? ጠርጥረዋል ማለት ነው!

ዳኜ፦ ኧረ በፍጹም! ጥርጣሬ የሚባል ነገር ፊታቸው ላይ የለም።

ኢዩ፦ ማልልኝ።

ዳኜ፦ እመብርሃንን! ቅንጣት አልጠረጠሩም። እንዲያውም «ድስቱ በቃችሁ ወይ?» አሉኝ።

ኢዩ፦ አየህ ጭንቅላት? ሲመሽ በአመድና በሎሚ ፈትጌ እመልስላቸዋለሁ። እሳቸውም የፍልሰታ ሽሯቸውን ይሠሩበታል።

ዳኜ፦ (ደንግጦ) በዚህ? አሳማ በተሠራበት?

ኢዩ፦ ካላወቁ ምን ይሆናሉ?

ዳኜ፦ ይሄማ ግፍ ነው፣ ኢዩ።

ኢዩ፦ አንተ የምግብ ነገር አይገባህም። ይልቅ ድስቱን እየው። ሥሩ ላይ የተጋገረው ጥቁር ነገር ይታይሃል? ስንት ዘመን የተጠራቀመ ቅመም ነው። ሜክሲኮ ውስጥ እንዲህ ያለ ድስት ከእናት ለልጅ ይተላለፋል።

ዳኜ፦ እኔ ቆሻሻ መስሎኝ ጠዋት ልፈትገው ነበር።

ኢዩ፦ ምስጋና ለእኔ፤ ከለከልኩህ! በውሃ ብቻ አለቅልቀው ያልኩህ ለዚህ ነው። (ሌላ ዳቦ ነክሮ ይጎርሳል።) ቃናውን ታውቀዋለህ? ከሥጋው የመጣ አይደለም። ጠለቅ ያለ... አጥንት አጥንት የሚል ነገር አለው።

ዳኜ፦ አዎ፣ ይኖረዋል።

(በሩ ከታች ይቧጨራል። ኢዩ ይዘላል።)

ኢዩ፦ እሳቸው ናቸው! ድስቱን አልጋ ሥር ክተተው!

ዳኜ፦ ፍራሹ ይቃጠላል እኮ!

ኢዩ፦ ይቃጠል! ፍራሽ ያለቤት ምን ያደርግልናል?

(ዳኜ በሩን ገርበብ አድርጎ ቁልቁል ያያል።)

ዳኜ፦ ጃኪ ነው። የእትዬ አፀደ ውሻ።

ኢዩ፦ (ደረቱን ይዞ) ነፍሴን አወጣት! ሥጋው ሸቶት ነው። አየህ፣ ውሻ እንኳ ጥሩ ነገር ያውቃል። አባርረው።

ዳኜ፦ ሥጋውን አይደለም የሚያየው።

ኢዩ፦ ታዲያ ምኑን ነው?

ዳኜ፦ ድስቱን። የሱ ነው።

(ኢዩ ዳቦውን ወደ አፉ እንዳስጠጋ ደርቆ ይቀራል።)

ኢዩ፦ የማን?

ዳኜ፦ የጃኪ። ሳንባና አጥንት የሚቀቅሉለት ነው። ጠዋት «ድስት ያውሱን» ስላቸው፣ «ለምን?» አሉኝ። «ለአሳማ» አልኳቸው።

ኢዩ፦ ነገርካቸው?!

ዳኜ፦ የሰው ድስት ውስጥ ሳልናገር አሳማ ልክተት? ነፍስ የለኝም? ትንሽ አሰቡና፣ «ለሱማ የሚሆን አለኝ» ብለው ከጓሮ አወጡልኝ።

ኢዩ፦ አልጠረጠሩም ብለህ ምለህልኛል!

ዳኜ፦ የሚያውቁትን ነገር ምን ብለው ይጠረጥሩታል?

ኢዩ፦ (እየጮኸ) የውሻ መሆኑን ለምን አልነገርከኝም?

ዳኜ፦ ጠዋት ልነግርህ ስል «ዝም በል፣ ሼፉን ልስማበት» አልከኝ። በኋላ ደግሞ ጣፈጠኝ ስትል አሳዘንከኝ።

(ኢዩ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ዳቦውን ያያል፤ የት እንደሚያስቀምጠው ግራ ይገባዋል።)

ኢዩ፦ ታዲያ... ከቤቱ ውጡልኝ አላሉም?

ዳኜ፦ ኧረ አላሉም! «ሆዱ የራሱ ነው፤ ብቻ ቤቱን አታጭሱብኝ» ነው ያሉት።

ኢዩ፦ (በረጅሙ ይተነፍሳል) ተመስገን! በል፣ ሩቲ ሳትደርስ ሥጋውን ገልብጠን፣ ድስቱን አጥበን ለጃኪ እንመልስለት።

ዳኜ፦ እሱ እንኳ አይሆንም። «እዚያው ይቅርላችሁ» ብለዋል።

ኢዩ፦ ለምን?

ዳኜ፦ «አሳማ በተሠራበት ድስት ውሻዬን አላበላም» አሉ። አሁን አዲስ ሊገዙለት ገበያ ወጡ።