መጨረሻው ለገዛ ነው

በዚህ ዓለም ላይ ያሉት ደራሲዎች ሁለት ዓይነት ብቻ ናቸው፤ መጽሐፋቸው የተሸጠላቸውና ታላቅ እህት የሌላቸው። ስለ መጽሐፍ አሻሻጥ የሚያስተምሩ አዋቂዎች ብዙ ይላሉ። ሽፋኑን አሳምሩ፣ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አትጥፉ፣ አንባቢን አቅርቡ ይላሉ። ይሁን፣ ክፋት የለውም። ከመካከላቸው አንድ እንኳ ተነስቶ «እህት ይኑራችሁ» ያለ ግን አልተሰማም፤ ከዚህ ተነስቶ መጽሐፍ ሸጠው አያውቁም ብሎ መደምደም ይቻላል።

እሷን እናንተም ታውቋታላችሁ። የየትኛውም ሰፈር ሰው ያውቃታል። ወንድሟ የጻፈውን አንዲት መስመር ሳታነብ «እንዲህ ያለ መጽሐፍ ተጽፎ አያውቅም» ብላ የምትምል፣ ሰላም ብላችኋት ሳትጨርሱ መጽሐፍ እጃችሁ ላይ የምታስቀምጥ፣ እምቢ ካላችኋት ደግሞ ለእናንተ ለራሳችሁ የምታዝንላችሁ ሴት ናት። የዚህ ታሪክ ባለቤት የሆኑት ክብርት የሽያጭ ዋና ሥራ አስኪያጅ እቴቴ ይባላሉ። እንዲህ አንቱ እየተባሉ ሊዘልቁ ይገባቸው ነበር፤ እሳቸው ግን አንቱታ ያስረጃል ብለው ስለሚቆጡ አንቺ እንበላት።

እቴቴ ፀጉር ሠሪ ናት። ሙያዋ የሌላውን ሰው ሽበት ማጥፋት ሲሆን የራሷን ፀጉር ቀለም ከእሷ በቀር ያየ የለም። ደራሲው ታናሽ ወንድሟ ነው፤ እናታቸው ስትሞት ገና ትንሽ ልጅ ስለነበር ያሳደገችው እሷ ናት። ዛሬ ዕድሜው ከአርባ አልፎ አናቱ ተመልጧል። ለእሷ ግን ያው ማሙሽ ነው። አንባቢ ፊት እንኳ «ማሙሽ፣ ና ፈርምላት! እጅህን ታጠብክ?» ከማለት አትመለስም።

ማሙሽ የጻፈው ልብ ወለድ ስለ አንድ የአውቶቡስ ጣቢያ ሠራተኛ ነው። ሰውየው መንገደኛ የረሳውን ዕቃ ይጠብቃል። አንድ ቀን ከመደርደሪያው ጥግ ለዓመታት ጠያቂ ያላገኘ አሮጌ ሻንጣ ያወጣና ባለቤቱን ፍለጋ ይነሳል። ከዚያ እስከ መጽሐፉ መጨረሻ ድረስ ይፈልጋል። ዝግ ያለ፣ ጨዋ መጽሐፍ ነው። የመጻሕፍት መደብሩ ባለቤትም ጨዋነቱን አይቶ ከፈተና ማዘጋጃ መጻሕፍቱ ጀርባ ደበቀው።

የተቀረው በካርቶን ሆኖ እቴቴ ሳሎን ገባ። ቴሌቪዥኑ ካርቶን ላይ ወጣ፤ እንግዳም ካርቶን ላይ ይቀመጥ ጀመር። ወራት አለፉ፤ ካርቶኖቹ ንቅንቅ አላሉም። አንድ እሑድ ማሙሽ ከሥራዎቹ በአንዱ ላይ ተቀምጦ አንገቱን ደፋ።

«እቴቴ፣ እነዚህ ካርቶኖች ከዚህ ቤት ካልወጡ ሁለተኛ ብዕር አልይዝም።»

«የጀመርከውስ?»

«ይቅር።»

«ካልጻፍክ ታዲያ ምን ልትሠራ ነው?»

«እንጃ።»

እቴቴን ያስደነገጣት ይህ «እንጃ» ነው። ወንድሟን ታውቀዋለች። ከልጅነቱ ጀምሮ ሳይጽፍ የዋለ ቀን እህል አይወርድለትም፤ ፀጉር ቤት ይመጣና ጥግ ይዞ እየተነፈሰ ደንበኛ ያባርራል። በማግስቱ ጠዋት የመጀመሪያው ካርቶን ከሳሎን ወጥቶ ፀጉር ቤት ገባ።

የመጀመሪያው ስልት የምላጭ ነበር። ፀጉሯን በቢጎዲን ጠቅልላ ማድረቂያው ካስክ ስር የተቀመጠች ሴት የትም መሄድ አትችልም፤ ወሬም አትሰማም። እቴቴ ለእነዚህ ምስኪኖች አንድ መጽሐፍ በገመድ ካስኩ ላይ አንጠለጠለችላቸው። ያነባሉ፤ ሻንጣው የማን እንደሆነ ሊታወቅ አንድ ሐሙስ ሲቀረው ገጹን ቢገልጡት ካርቶን ሽፋን ብቻ። የመጨረሻው ምዕራፍ በምላጭ ተቆርጦ ወጥቷል።

«እቴቴ! መጨረሻውስ?»

«መጨረሻውማ ለገዛ ነው።»

ፀጉሯ ሳይደርቅ ተነስታ የገዛች አለች።

ሁለተኛው ስልት «አለሽበት» ይባላል። እቴቴ ወደ ደንበኛዋ ጆሮ ጠጋ ብላ «አንቺም እኮ አለሽበት፤ የት ላይ እንደሆነ ግን አልናገርም» ትላለች። ሰፈሩ በሙሉ ራሱን ፍለጋ ገባ። አንድ ቀን ማሙሽ በመንገድ ሲያልፍ ልብስ ሰፊው ከሱቁ ወጥቶ ጠራው።

«አንተ ልጅ፣ ምን በደልኩህ?»

«ምነው ጋሼ?»

«እህትህ አለህበት ስትለኝ ገዛሁ። ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት፤ የለሁም!»

«ጋሼ፣ መጽሐፉ ውስጥ እኮ ልብስ ሰፊ የሚባል ሰው የለም።»

«እኔስ ምን አልኩህ? ከተማሪ ቤት ጀምሮ ሱሪህን ስሰፋ ኖሬ፣ ለትኬት ቆራጭ ሙሉ ምዕራፍ ስትሰጥ ለኔ አንዲት መስመር ነፈግከኝ?»

ማሙሽ በሚቀጥለው መጽሐፍ እንደሚያስገባው ቃል ገብቶ አመለጠ። የሚቀጥለውን መጽሐፍ እንደማይጽፍ የማለው ትዝ ያለው ቤቱ ከደረሰ በኋላ ነው።

ኩሩ ለሆነ ሰው ደግሞ ስልቱ ሌላ ነው። ማዶ ያለው መድኃኒት ቤት ባለቤት፣ ሰው ሲያስነጥስ እንኳ የምታርም ሴት ናት። እሷ መጽሐፉን አንስታ ስታገላብጥ እቴቴ ከእጇ ወሰደችባት።

«ላንቺ እንኳ ይቅርብሽ።»

«ለምን ይቀርብኛል?»

«ከባድ ነው፤ ጭንቅላት ይፈልጋል። እኔ ራሴ መጽሐፍ ስይዝ እንቅልፌ ነው የሚመጣው።»

የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት ሁለት ገዛች። አንዱ ለራሷ፣ ሁለተኛው ጭንቅላት እንደሌላት ልታረጋግጥባት ለምትፈልጋት የባሏ እህት ነው።

ይህ ሁሉ ግን ከዊጉ ዘመቻ ጋር ሲወዳደር የልጅ ጨዋታ ነው። እቴቴ ፀጉር ቤቷ ውስጥ የሚሸጡ ዊጎች አሏት። ሰኞ ረጅሙን አጥልቃ ወደ መጻሕፍት መደብሩ ሄደችና መጽሐፉን ጠየቀች። ረቡዕ በአጭሩ ቀይ ዊግ፣ ዓርብ ደግሞ በተጠቀለለው መጣች። በየጊዜው ድምፅዋን ትለውጣለች፤ በቀዩ ጊዜ ትንሽ ተኮላተፈች አሉ። ነጩን ዊግ ብቻ አልነካችውም፤ «እሱን ለጠላቴ» ትላለች። የመደብሩ ባለቤት ማሙሽን አግኝቶ እጁን ጨበጠው።

«ሥራህ ሴት አንባቢ በዝቶለታል፤ መስኮት ላይ አውጥቼዋለሁ። የሚገርምህ ግን ሁሉም ያው አንድ ዓይነት ሰማያዊ ጫማ ነው የሚያደርጉት።»

ማሙሽ ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ወደ እህቱ በረረ።

«እቴቴ፣ ይሄ ማታለል ነው!»

«ምኑ ነው ማታለል? መጽሐፉ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ጫማዬን ማየት ምን አመጣው፣ ባለጌ!»

እፍረቱ እንዳለ ሆኖ ካርቶኖቹ አለቁ። ሳሎኑ ባዶ ሆኖ ቴሌቪዥኑ መሬት ወረደ። ማሙሽም ማንም ሳያየው የጀመረውን ከመሳቢያ አወጣና ቀስ ብሎ ይሞነጫጭር ጀመር። የመጻሕፍት መደብሩ ተጨማሪ ጠየቀ፤ ማተሚያ ቤቱ ግን የመጽሐፉን ፋይል የያዘው ኮምፒዩተር ተቃጥሏልና አንድ ቅጂ ይላክልን፣ ከእሱ ላይ እናነሳለን አለ። የማሙሽም ኮምፒዩተር ቀደም ብሎ አርፏል። የማተሚያ ቤቱ ሰው ፀጉር ቤት ሲደርስ እቴቴ እጇ እስከ ክርኗ ቀለም ውስጥ ነበር። «ያውልህ፣ ካስኩ ላይ የተንጠለጠለውን ውሰደው» አለችው። ሰውየውም ፈትቶ ወሰደው።

የቀረው የመጨረሻ ገጽ አራት ነጥብ ስለነበረው ማተሚያ ቤቱ መጽሐፉ አለቀ ብሎ አመነ። ሁለተኛው እትም መጨረሻ ሳይኖረው ታትሞ ተበተነ።

ማሙሽ ይህን ያወቀው ከጋዜጣ ነው። አንድ ስመ ጥር ሃያሲ ግማሽ ገጽ ሙሉ አወድሶታል። «ደራሲው የሻንጣውን ባለቤት ሳይነግረን ይለየናል። እንዴት ያለ ድፍረት ነው! ሻንጣው የሁላችንም ነው» ይላል። ማሙሽ መጀመሪያ ሃያሲው መጽሐፉን አላነበበውም ብሎ ጠረጠረ፤ የሃያሲ ነገር ይታወቃል። ኋላ አዲሱን እትም ሲከፍተው የመጨረሻው ምዕራፍ የለም። ጋዜጣውን ጨብጦ ፀጉር ቤት ሲገባ ካስክ ስር የነበረችው የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት ብቻ ናት።

«እቴቴ! መጽሐፌን እግሩን ቆርጠሽ ነው የላክሽው!»

«ቀስ በል ማሙሽ፣ ደንበኛ አለ። እጄ ቀለም ውስጥ ነበር፣ ረሳሁት። ግን እኮ ሰውየው በጋዜጣ አመስግኖሃል። ማተሚያ ቤቱም ሦስተኛው እንዳለ ይታተም ብሎ ደውሏል። ተወው፣ እንዲሁ ይሻላል።»

እውነት እንነጋገር ከተባለ ማሙሽ ለአፍታ አመነታ። ምስጋና የሚጠላ ደራሲ ገና አልተወለደም። ነገር ግን ያ ምዕራፍ መጽሐፉን የጻፈበት ምክንያት ነው። ሰው ሁሉ ቢያጨበጭብለትም ያለ እሱ ሌላ መጽሐፍ መቀጠል እንደማይሆንለት ልቡ ነገረው።

«መቁረጥሽ ካልቀረ ሌላ ቦታ ብትቆርጪ ምን ነበረበት? ደህናውን ምዕራፍ መርጠሽ!»

«ሌላውማ ችግር የለበትም።»

«እሱ ምን ችግር አለበት?»

እቴቴ ማበጠሪያዋን አስቀመጠች። «የሠራተኛው እህት ጣቢያ ስትመጣ ‹ነጭ ፀጉሯን በእጇ መዳፍ ወደ ኋላ መለሰችና ሻንጣውን ሳትነካው አየችው› ይላል።»

መጽሐፍ ስይዝ እንቅልፌ ይመጣል የምትለው ሴት አንዲት ቃል አልሳተችም።

«አንብበሽዋል?»

«የገዛች ቤቷ ሄዳ ታንብብ፣ ግድ የለኝም። እዚህ ያነበበች ግን ቀና ስትል የኔን ጭንቅላት ነው የምታየው። ፀጉር ሠሪዋ ራሷ ሸብታለች ከተባለ ነገ ማን ይመጣል?»

«ምን አለች?» ስትል ከካስኩ ስር የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት ጮኸች።

«ቀለሙ እስኪይዝ ታገሺ ነው ያልኩት!»

ማሙሽ ሳቁ አመለጠው። እቴቴ ግን አልሳቀችም። ፊቷን ወደ መስታወቱ አዙራ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«የሻንጣው ቁልፍ ተሰብሮ በወንድ ቀበቶ መታሰሩን ማን ነገረህ?»

«ማንም። ፈጠርኩት።»

«ፈጠርከው?»

«አዎ። ምነው?»

«እንጃ» አለች እቴቴ።

በዚያ ምዕራፍ ሻንጣው የሌላ የማንም ሳይሆን የጣቢያው ሠራተኛ የገዛ እህቱ ሆኖ ይገኛል። በወጣትነቷ የራሷን ኑሮ ልትኖር ዕቃዋን ሸክፋ ሌላ ከተማ ልትሄድ ነበር። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል ቤት ተኝቶ የተወችው ታናሽ ወንድሟ ትዝ ይላትና ሻንጣውን እዚያው ጥላ ትመለሳለች። ማሙሽ ይህን ሲጽፍ ከራሱ ያፈለቀው መስሎት ነበር። አሁን ግን የልጅነት ቤታቸው ውስጥ ሻንጣ አይቶ እንደማያውቅ፣ ዕቃ ሁሉ በካርቶን ይታሰር እንደነበር፣ የአባታቸው ቀበቶም አንድ ቀን ጠፍቶ እንደቀረ ትዝ አለው። ሰፈሩን በሙሉ አለህበት፣ አለሽበት ስትል የከረመችው ሴት ያላለቻት አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ መጽሐፉ ውስጥ በእውነት ያለችውን።

«ተመልሰሽ አልፈለግሽውም?»

«አሁን ቢመጣስ ምን ያደርግልኛል? ቀሚሶቹ እንደሆነ አይገቡኝም» አለችና ካስኩን ልታጠፋ ሄደች።

ማሙሽ በማግስቱ ማተሚያ ቤቱን መጨረሻው ካልገባ አይታተምም አለው። የጠፋው ምዕራፍ የተገኘው ከልብስ ሰፊው ቅጂ ላይ ነው፤ ሱሪ የተባለበትን ቦታ ሁሉ አስምሮበታል። ደራሲው ምዕራፉን እንዳለ መለሰው፤ ከአንዲት ቃል በቀር። በሦስተኛው እትም እህትየው ወደ ኋላ የምትመልሰው ጥቁር ፀጉሯን ነው። ሃያሲው ይህ መጨረሻ መጽሐፉን ገደለው ብሎ ጻፈ። ደግነቱ ካስክ ስር ጋዜጣ የሚያነብ የለም።

ሁለተኛው መጽሐፍ እየተገባደደ ነው፤ ልብስ ሰፊም አለበት። ባለፈው ሳምንት ማሙሽ ፀጉር ቤት ጎራ ሲል ካስኩ ላይ የተንጠለጠለው መጽሐፍ ከስቶ አገኘው። ቢያገላብጠው ፊቱ በሙሉ በምላጭ ተቆርጦ ወጥቷል፤ የቀረው የመጨረሻው ምዕራፍ ብቻ ነው። አንዲት አዲስ ደንበኛ እሱኑ አንብባ ጨርሳ ዓይኗን ጠረገችና ቀና ብላ አየች። እቴቴ ከፊቷ ቆማለች፤ ፀጉሯ ያንኑ ቀን ተቀብቶ ጥቁር ድንግዝ ብሏል።

«ውይ እቴቴ! መጀመሪያውስ?»

«መጀመሪያውማ ለገዛ ነው።»