የማህፀን ተቆጣጣሪዋ እትዬ ሀጂራ

«የቡና አበባ ይመስላል ጥርሱ፣
ም… ም… ም… ና በፈረሱ…»

እትዬ ሀጂራ ሲያንጎራጉሩ መካከሉ ሁልጊዜ ይጠፋቸዋል። የሰው ጓዳ ግን ጠፍቷቸው አያውቅም።

በየመንደሩ የሌላውን ማህፀን ያለ ደመወዝ የሚቆጣጠር አንድ ሰው አይታጣም፤ በቴፒ ይህን ከባድ አደራ የተሸከሙት ክብርት እትዬ ሀጂራ ነበሩ። መንግሥት ትርፍ ቤት ሲወርስ፣ እሳቸው የዘሀራን ሆድ ወረሱ።

ዘሀራ የወንድማቸው ልጅ የከድር ሚስት ናት። ባልና ሚስቱ «ሳንወልድ እንኑር፣ ለሁለታችን እንበቃለን» ብለው ተስማምተዋል። እትዬ ሀጂራ ይህን ሲሰሙ ቡናው በሽታ ገባው የተባሉ ያህል ጮሁ። ከዚያ ወዲያ ዘሀራ ለቡና ለቀማ ልትወጣ በሩን ስትከፍት፣ እሳቸው ደጃፉ ላይ ናቸው።

«ዛሬስ አላቅለሸለሸሽም?»

«ኧረ ደህና ነኝ፣ እትዬ።»

«ምነው፣ ትንሽ እንኳ?»

አንድ ቀን ለጉንፋን ሎሚ ብትገዛ ወሬው ሚዛን ከተማ ደረሰ፤ «እንኳን ማርያም…» ሊላት የዳዳው ክርስቲያን ጎረቤት ሁሉ ነበር።

ሳቁ ያበቃው እትዬ ሀጂራ ጌጫ ደርሰው የመጡ ለት ነው። ለከድር ሁለተኛ ሚስት አይተውለት ኖሯል። «ዳሌዋ ሰፊ፣ የእናቷ ዘር እንደ ጎመን የሚበቅል!» ዘሀራ ወጡን አሳረረች፤ ከድርን ቀና ብላ ማየት ፈራች።

በማግስቱ ሁለቱንም እየነዱ ቃዲው ዘንድ አቀረቧቸው።

«አራት ተፈቅዶለት የለም እንዴ? እዘዙልኝ!»

«መፍቀድና ማዘዝ ይለያያል፣ ሀጂራ» አሉ ቃዲው። «ልጅ የሁለቱም ሐቅ ነው፤ ሁለቱም ወደው ከተዉት በማን ልፍረድ? ከድር፣ አንተ ሌላ ሚስት ትፈልጋለህ?»

ዘሀራ አሁን ከድርን ቀና ብላ አየችው።

«ይቺን ገና መች ጠገብኳት» አለ ከድር፣ መሬት መሬቱን እያየ።

እትዬ ሀጂራ ተኮሳትረው ወጡ። ባልና ሚስቱን አስከትለው በገበያው ሲያልፉ ጎመን ሻጯ ትርፌ ዘሀራን አይታ፣ «መሐኗ መጣች» ብላ ሳቀች።

እትዬ ሀጂራ ሻሻቸውን አጠበቁ።

«ማን ናት መሐን? ያዢ አፍሽን! ልጄ መውለድ ያቃታት መሰለሽ? አልፈልግም ብላ ነው! ሐቋ ነው! ቃዲውን ጠይቂ!»

ገበያው ጸጥ ብሎ የሸሪዓ ትምህርት ተማረ፤ ቃዲው ያላሉትም ተጨምሮበት።

ቤት ሲገቡ የእትዬ ሀጂራ ድምፅ ተዘግቶ ነበር። ዘሀራ እጃቸውን አስታጠበቻቸው።

«እኔ ላይ ጣውንት መጥታብኛለች» አሉ ድንገት፣ ዝቅ ብለው። «ያውም አምስት ወልጄ።»

ዘሀራ ቆጮውን አቀረበች። እትዬ ሀጂራ ከጎኗ ተቀመጡ፣ «ቢስሚላህ» ብለው ቆረሱ፣ መጀመሪያ እሷን አጎረሱና ራሳቸው መብላት ጀመሩ።