ጋሪ እንደ በሬ ሲመረጥ

እስቲ ልጠይቅዎ፤ የልጆች ጋሪ ሲገዛ ጎማውን እንደ በሬ ሰኮና አንስቶ የሚመረምር ሰው አጋጥሞዎት ያውቃል? የነገሌው ከብት ነጋዴ ጋሽ ዋቆ እንዲህ ናቸው።

ከሁለት ሕፃናት ልጆቻቸው ጋር ጫሞ ሐይቅ ላይ በጀልባ ሊንሸራሸሩ ሲሉ ሚስታቸው፣ «ጋሪው ጀልባው ላይ ካልወጣ ሁለቱንም አንተ ታዝላቸዋለህ!» አሏቸው።

እሳቸውም ከብት ወደ ጭነት መኪና የሚወጣበትን ሳንቃ ተሸክመው ጋሪ መሸጫ ሱቅ ሄዱና የሱቁን ጋሪ ሁሉ በላዩ ገፍተው ሞከሩ። ልጆችን ጎን ለጎን የሚያስቀምጠውን ሳንቃው ጠበበው፤ ፊትና ኋላ የሚያስቀምጠው ወጣ። ሻጩ በሳቅ ሞተ።

ሐይቁ ዳር ሲደርሱ የጀልባው መወጣጫም አንድ ጠባብ ሳንቃ ሆኖ ተገኘ። የሌሎች ሰፊ ጋሪ ዳር ሲቀር፣ የጋሽ ዋቆ ጋሪ ግን ልጆቹን እንደያዘ ሰተት ብሎ ገባ።

«እንዴት አወቁ?» አለ ጀልባ ነጂው።

ሚስታቸው ቀድመው በኩራት፣ «ባሌ ሳይመረምር አይወስድም፤ እኔንም እንዲሁ ነው የመረጠኝ!» አሉ።