ከሰኞ ጀምሮ የምትለዋ ልብስ ሰፊ

በየቤቱ አንድ «ከሰኞ ጀምሮ» ባይ አይጠፋም። ጣፋጭ የሚተወው ከሰኞ ጀምሮ ነው፤ በጠዋት የሚነሳው፣ ቁም ሣጥኑን የሚያስተካክለው፣ ቋንቋ የሚማረው፣ ሁሉም ከሰኞ ጀምሮ ነው። በእናንተ ቤት እንዲህ ያለ ሰው ከሌለ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ሰውየው እናንተው ናችሁ።

በጸጉር አስተካካዩ ቤት ይህን ማዕረግ የያዘችው ሚስቱ ነበረች። ክብርት ልብስ ሰፊዋ በአሥር ዓመት ውስጥ ከሰኞ ጀምሮ ስኳር ትታለች፣ ከሰኞ ጀምሮ ጊታር ተምራለች፣ ከሰኞ ጀምሮ ከባሏ ጋር መጨቃጨቅ አቁማለች። የመጨረሻው እስከ ማክሰኞ ረፋድ ቆይቷል። ወፍራም ናት፤ ራሷም የምትለው «ወፍራም» ነው። «ሞላ ያልሽ ነሽ» የሚላት ሰው ከመጣ «ባልዲ ነኝ እንዴ የምሞላው?» ትለዋለች። ባሏ ቀጭን ነው። ሊወፍርበት የሚገባው ሥጋ ሁሉ ወደ ምላሱ የሄደ ይመስላል።

ሱቆቻቸው ጎን ለጎን ናቸው። መሃላቸውን የከፈለው ቺፑድ ነው፤ በወዲህ በኩል መቀስ፣ በወዲያ በኩል የስፌት መኪና ቀኑን ሙሉ ያወራሉ።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው መቶ ሃያ ካናቴራ ሊያሰፋ መጣ። «ለትራያትሎን ነው» አላት። ምን ማለት እንደሆነ ስትጠይቀው አስረዳት፦ መጀመሪያ ሐይቅ ውስጥ ግማሽ ኪሎ ሜትር መዋኘት፣ ከውሃው ወጥቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ብስክሌት መንዳት፣ ከብስክሌቱ ወርዶ አምስት ኪሎ ሜትር መሮጥ፤ በመካከሉ እረፍት የለም። ጀማሪም መግባት ይችላል። ልብስ ሰፊዋ የልክ ዝርዝሩን አየች። ትልቁ ልክ የእሷን አንድ ክንድ ቢያስገባ ነው።

«ከዚህ የሚሰፋ የለም?»

«ይበቃል፤ ሰፋ ያለ ሰው አይመጣም» አለ ሰውየው፣ ምንም ክፋት ሳያስብ።

ሜትሩን ከአንገቷ ላይ አወረደች፤ ደረቷን ለካች፤ ወገቧን ለካች፤ ቁጥሩን በዝርዝሩ ግርጌ ጻፈችው። «መቶ ሃያ አንድ አድርገው» አለችው። «አንዱ የኔ ነው።»

ማታ እራት ላይ ለባሏ ነገረችው።

«መቼ ልትጀምሪ? ከሰኞ ጀምሮ?» አላት እየሳቀ።

«የለም፣ ነገ ዓርብ» አለች።

ያን ጊዜ መደንገጥ ነበረበት።

ለውድድሩ አራት ወር ቀርቶታል። ብስክሌት በልጅነቷ ነድታለች፤ ዋና ግን ፈጽሞ አትችልም። በልኳ የዋና ልብስ ስትፈልግ ሻጯ ከላይ እስከ ታች አየቻትና «በእርስዎ ልክ አይመረትም» አለቻት። «እኔስ ተመርቼ የለም እንዴ?» ብላት የሚለጠጥ ጨርቅ ገዝታ ሄደች፤ በሁለት ማታ ሰፋችው። የመጀመሪያው ልብስ መዋኛ ገንዳው ውስጥ ከጀርባው ተተረተረና በፎጣ ተጠቅልላ ወጣች። «ክሩ ነው እንጂ እኔ ምንም አልሆንኩም» አለች፤ ሁለተኛውን ደርባ ሰፋች።

ፊቷን ውሃ ውስጥ ለመንከር ብቻ ሁለት ሳምንት ፈጀባት። የዋና አስተማሪዋ ጡረታ የወጡ፣ እንደ መርፌ የቀጠኑ ሴት ናቸው። «ውሃው ይሸከምሻል፤ ልቀቂለት» አሏት።

«እኔን?»

«አንቺን በተለይ! ቀጫጮቹ ናቸው እንደ ብረት የሚሰጥሙት።»

በጀርባዋ ተንጋለለች፤ እውነትም ተንሳፈፈች። በዚያን ዕለት እራቱ እስኪቀዘቅዝ ስታወራ አመሸች። «በሕይወቴ እንደዚያ ቀልዬ አላውቅም» አለችው። ባሏ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ቀልዱን ከእራቱ ጋር ዋጠው።

ሩጫው ግን ፈተና ሆነ። ከአንድ የመብራት ምሰሶ እስከሚቀጥለው ትሮጣለች፤ ከዚያ እስከሚቀጥለው ትራመዳለች። ጭኗ እየተፋተገ ይቆስላል። መንገደኛው ሁሉ «አይዞሽ! አይዞሽ!» ይላታል። «ቀጭን ሲሮጥ "ጎበዝ" ነው፤ እኔ ስሮጥ "አይዞሽ"። ሐዘን ላይ ነኝ እንዴ?» ትላለች። በየማታው ባሏ የሱቁን ፎጣዎች እያጠፈ ሪፖርቱን ይሰማል፦ ዛሬ አራት ምሰሶ ሳልቆም፣ ዛሬ ስድስት፣ ዛሬ ውሻ አባሮኝ ዘጠኝ።

ውድድሩ አንድ ወር ሲቀረው፣ አንድ ደንበኛ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ «እትዬ እውነት ሐይቅ ሊገቡ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ወረፋ ላይ ሦስት ሰዎች አሉ። ጸጉር አስተካካዩ ደግሞ ሰሚ ሲያገኝ ራሱን መግታት አይችልም።

«ይገባሉ እንጂ! እሳቸው ሲገቡ ውሃው ወጥቶ አስፋልቱን ያጥለቀልቀዋል፤ ሌላው ተወዳዳሪ ብስክሌቱንም በዋና ይጨርሰዋል» አለ።

ሱቁ በሳቅ ተናወጠ። ሳቁ በረደ። ከቺፑዱ ወዲያ የስፌት መኪናው ቆሟል።

ማታ ትቆጣኛለች ብሎ ጠበቀ። አልተቆጣችም። እራቱን አቀረበች፤ ስለ ጎረቤት አወራች፤ ስለ ዋናው ግን አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

«ዛሬ እንዴት ነበር?» አላት።

«ደህና።»

በማግስቱም «ደህና»፣ በሳምንቱም «ደህና»። ለአሥር ዓመት የሰለቸው ወሬ ድንገት ሲቋረጥ ቤቱ ጠበበው። አሁን ስንተኛው ምሰሶ ላይ እንደደረሰች አያውቅም። መጠየቅ አፈረ፤ ይቅርታ ማለትም ለአፈኛ ሰው የማይሆንለት ነገር ሆነ።

የውድድሩ ቀን ቅዳሜ ዋለ። በጠዋት ሻይ አፍልታ በፔርሙስ አስቀመጠችለትና ብስክሌቷን እየገፋች ወጣች። «ና» አላለችውም። ቅዳሜ ደግሞ የሱቁ ዋና ቀን ነው፤ አራት ሰዎች ወረፋ ይዘዋል። የመጀመሪያውን ሰው ግማሽ እንዳስተካከለ ጆሮው ወደ ቺፑዱ ሄደ። ከወዲያ በኩል ምንም ድምፅ የለም። የሰውየውን ጸጉር እንደ ነገሩ ጨረሰና «ዛሬ የለሁም» ብሎ ሦስቱን አስወጣ። ነጭ ጋውኑን ሳያወልቅ ታክሲ ያዘ።

ሐይቁ ዳር ሲደርስ ሌላው ሁሉ ወጥቶ ሄዷል። ውሃው ላይ አንድ ቢጫ ቆብ ብቻ ይታያል፤ ከኋላው የነፍስ አድን ጀልባ ቀስ ብላ ትከተላለች። በጀርባዋ ተንጋላ፣ ሳትቸኩል፣ ሰማይ ሰማዩን እያየች ትቀዝፋለች። ማንነቷን መጠየቅ አላስፈለገውም። ከውሃው ስትወጣ ክንዷ ላይ የተወዳዳሪ ቁጥሯ፣ 87፣ በጥቁር ማርከር ተጽፎ ነበር። የቀረው ብስክሌት አንድ ስለሆነ መፈለግ አልተቸገረችም። የራስ ቁሯን ስታጠልቅ አየችው።

«ሱቁስ?»

«ዘግቼዋለሁ።»

«በቅዳሜ?»

«በቅዳሜ።»

ትንሽ አየችውና ነድታ ሄደች።

ለውድድሩ የተፈቀደው ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ሰዓቱ ሲሞላ እሷ ገና ሩጫው ላይ ነበረች። ሠራተኞቹ ጠረጴዛውን ማጣጠፍ ሲጀምሩ ጸጉር አስተካካዩ አንዱን የጠረጴዛ እግር ያዘ።

«ተዉት፤ ሰው አለ።»

«ወንድሜ፣ ሰዓቱ አልፏል።»

«ይለፍ። እሷ ገና አላለፈችም!»

ጠረጴዛው ቆመ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ በመንገዱ ጥግ ብቅ አለች፤ ቀይ ሆና፣ እያነከሰች፣ ግን እየሮጠች። በጋውኑ እንዳለ ሮጦ ከጎኗ ገባ። ሃምሳ ሜትር ሳይሞላ ትንፋሹ አጠረ።

«ያን ቀን... ያልኩት ነገር...»

«አትናገር፤ ሩጥ» አለችው።

መስመሩን ካለፉ በኋላ ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ጫማዋን ፈታላት፤ እግሯ አብጧል።

«ሰምተሻል አይደል?»

«ግድግዳው ቺፑድ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልሰደብሽኝም?»

«ትንፋሼን ለዋናው እያስቀመጥኩ ነበር» አለችና ትከሻው ላይ ተደገፈች። «አምሽቼ ማልቀሴ ግን አልቀረም።»

«አጥፍቻለሁ» አለ። ያለ ቀልድ የተናገረው በመሆኑ ለራሱም እንግዳ ነበር።

በውጤት ዝርዝሩ ላይ ከስሟ ፊት ለፊት፣ በሰዓቱ ቦታ፣ ሰረዝ ብቻ ተደርጓል። ዝርዝሩን ከስፌት መኪናዋ በላይ ለጠፈችው። ሳምንቱን ሙሉ ብርድ ቢሆንም እጅጌዋን ሰብስባ ዋለች፤ ደንበኛ ሁሉ «ክንድሽ ላይ ምንድን ነው?» እስኪላት ትጠብቃለች፤ ካልጠየቀም ወደ ፊቱ አስጠግታ ትለካዋለች። ገላዋን ስትታጠብ ያን ክንድ ከውሃው ታርቃለች። ቢሆንም እስከ ዓርብ ቁጥሩ እየደበዘዘ ሄደ።

እሑድ ከምሳ በኋላ ሶፋው ላይ ጋደም ብላ እንቅልፍ ወሰዳት። ጸጉር አስተካካዩ ከሚስቱ ሱቅ ማርከር አምጥቶ አጠገቧ ተንበረከከ። ጢም በሚቀርጽበት እጁ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ስምንቱን ዞረበት። ሰባቱን ጀመረ።

«ጠሟል» አለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

ክንዷን ወደ ብርሃኑ ዘረጋችለት፤ እሱም ሰባቱን አቃናው።