እንደ ልጅ ያዘልኩት መጋዝ

ወንድ ልጅ ገበያ ወጥቶ የሚገዛው የሚያስፈልገውን አይደለም፤ ጎረቤቱ ያልገዛውን ነው። ይህን ስል የሚቆጣ ወንድ ካለ፣ ከመቆጣቱ በፊት ቤቱ ውስጥ ያለውን ትልቁን ዕቃ ይይና ስንት ጊዜ እንደተጠቀመበት ለራሱ ይንገረው። ሴት ዶሮ እንኳ ስትገዛ ከክንፏ ሥር ይዛ ታነሳታለች፣ በእጇ ትመዝናታለች፣ ላባዋን እፍ ብላ ቆዳዋን ታያለች። ወንድ ግን ከሩቅ ያይና "ያቺን ትልቋን" ይላል። አለቀ!

ልጄ ይመር የሞተር መጋዝ ሊገዛ ሲነሳ "አብሬህ እሄዳለሁ" ያልኩት ለዚህ ነው። የሞተር መጋዝ አይታችሁ የማታውቁ ካላችሁ፣ በቤንዚን የሚጮህ፣ ጥርሱ በሰንሰለት ላይ የሚሮጥ፣ ከፊቱ ረጅም ብረት የተሰካበት ዕቃ ነው። ብረቱን ስሙን ስለማላውቀው እኔ ምላስ እለዋለሁ። የይመር እንጀራ ይኸው ነው። ሸዋ ሮቢት ዙሪያ መንገድ የዘጋ ግራር ወይም ቤት ላይ ያዘነበለ ኒም ካለ የሚጠራው እሱ ነው። ሲሠራ ግን አንድም ቀን ቆሜ አይቼው አላውቅም። መጋዙ ከሩቅ ሲጮህ ዱአ እጀምራለሁ፤ ዝም ሲል ደግሞ ይብስብኛል። ሲጮህስ እየሠራ ነው... ዝም ያለው ምን ሆኖ ነው? እናንት እናቶች ይገባችኋል።

መዘዙ የመጣው በሾላ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል የሮቢ ወንዝ ሞላና አንድ ሽማግሌ ሾላ ከነሥሩ ነቅሎ የመስኖው ቦይ ላይ አጋደመው። ከሾላው በታች ያለው የሽንኩርት ማሳ የእትዬ ከድጃ ነው። እትዬ ከድጃ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ማሳውን ራሳቸው የሚያሳርሱ፣ ቃላቸው መስኖውን ከሚያከፋፍለው የውሃ ዳኛ ቃል የሚከብድ ሴት ናቸው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ይመር ያጫት ልጅ፣ የሀያት እናት ናቸው! ውሃው ሾላው ጋ እየደረሰ፣ በር እንደተዘጋበት እንግዳ ትንሽ ቆሞ ወደ ሌላ ሰው ማሳ ይሄዳል። የእሳቸው ችግኝ ጠወለገ። ልጄን አስጠሩትና እስከ ቅዳሜ ውሃውን ካላሳለፈላቸው ከደብረ ሲና ሰው እንደሚያስመጡ ነገሩት። ስለ ሰርጉ ምንም አላሉም። አለማለታቸው ነው እኛን የገደለን።

ይመር በአሮጌው ትንሽ መጋዙ ሞከረ። ከእጅ አይሻል ዶማ እንዲሉ፣ ምላሱ አጭር፣ ጉልበቱም ያለቀ ነበርና ሾላውን እንደ ድንች ልጦት ተመለሰ።

"እማ፣ ትልቅ መጋዝ ካልገዛሁ ሀያትን የሚያገባት የደብረ ሲና ሰው ነው" አለኝ።

ነገሩ እዚህ ከደረሰ ምን እላለሁ? እሺ አልኩ። ግን አስቡት... ትልቅ መጋዝ ማለት ትልቅ ጥርስ ማለት ነው። የልጄ እግር ደግሞ ያው የድሮው እግር ነው፤ እሱ አልተለወጠም።

አስፋልቱ ዳር ወዳለው የጋሼ ታደሰ ሱቅ ሄድን። ጋሼ ታደሰ የውሃ ፓምፕም መጋዝም የሚሸጡ ደግ ሰው ናቸው፤ ሙቀቱ ስለሚከብዳቸው ብቻ ከወንበራቸው ለመነሳት በቂ ምክንያት ይጠይቃሉ። መጋዞቹ ግድግዳው ላይ ከታናሽ እስከ ታላቅ ተሰቅለዋል። ይመር ገና በሩ ላይ ሆኖ አየና "ያንን ትልቁን" አለ። አላልኳችሁም?

አውርዶ በአንድ እጁ አነሳው። ከደጅ የባጃጅ ሾፌሮች ቆመው ያዩታል።

"ይከብዳል?" አልኩት።

"ላባ ነው፣ እማ።"

የአንገቱ ሥር ግን የጭነት ገመድ መስሏል። ጎረምሳ ሰው እያየው "ከበደኝ" አይልም። ከሚል ቢሞት ይመርጣል፤ የእኔም ፍርሃት ሌላ አይደለም፣ ይኸው ነው።

ጋሼ ታደሰን የትኛው እንደሚሻል ጠየቅኋቸው። ሱቅ ውስጥ ሁሉም ቀላል እንደሆነ፣ የመጋዝ ክብደት የሚታወቀው እጅ ላይ ሲቆይ እንደሆነ፣ ባዶ ሆኖና ሞልቶ አንድ እንዳልሆነ ነገሩኝ። ይህ ወዲያው ገባኝ። ትምህርቴን ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ላይ ቢሆንም እንስራ ተሸክሜ ነው ያደግሁት። ባዶ እንስራ ማንንም አጉብጦ አያውቅም። "እንግዲያውስ ይሙሉት" አልኳቸው። ቤንዚኑንም የሰንሰለቱን ዘይትም አስሞሉልኝ። ይመር ይዞት የመጣውን አሮጌ መጋዝ በመያዣነት ተቀብለው፣ አዲሱን እስከ ማታ ወስደን እንድንፈትነው ፈቀዱልን።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ጉዴ የጀመረው። ዶሮን በእጅ መመዘን ይቻላል። ረጅም መንገድ የሚሄድ ሸክምን ግን የሚያውቀው ጀርባ ነው። ከሱቁ እስከ ቤታችን ያለው መንገድ ከቤታችን እስከ ሾላው ካለው አይተናነስም። ልጄ እንደሆነ እውነቱን አይናገርም። ስለዚህ እኔው ልሸከመው ወሰንኩ።

"ሰው ምን ይለኛል? እናቱን አሸክሞ ባዶ እጁን ይሄዳል አይሉም?" አለኝ ይመር።

ማንም እንደማያየው ነገርኩት። የገበያ ቀን ነበር፤ አዲስ ዕቃ ደግሞ ለሰው ዓይን ተገልጦ አይሄድም። ከላይ የደረብኩትን ነጠላ አወረድኩና መጋዙን እንደ ልጅ አዘልኩት። ሞተሩ ጀርባዬ ላይ ተቀመጠ፤ ምላሱ ከነሽፋኑ በጎኔ ወጣ አለ። ለፀሐዩም ለአቧራውም ለዓይኑም ብዬ የነጠላውን ጫፍ ከላይ ጣል አደረግሁበት። ይመር አስፋልቱን ተሻግሮ በወዲያኛው ዳር መሄድ ጀመረ፤ ጭራሽ የማያውቀኝ መስሎ።

ጀርባ ልማዱን አይረሳም መቼም። ጥቂት እንደሄድኩ እጄ ሳላዘው ወደ ኋላ ሄደና መጋዙን ቸብ ቸብ ማድረግ ያዘ። አንድ የጭነት መኪና አጠገቤ ጥሩምባውን ሲነፋ "እሽሽ" ማለቴንም አልክድም። አትሳቁ፣ እናንተም ስታዝሉት ታዩታላችሁ!

ሽንኩርት ተራ ስደርስ ጎረቤቴ ፋጤ አየችኝ። ፋጤ ዓይኗ ደከም ያለ ነው፤ የዓይኗን ጉድለት ግን አላህ በአፏ ክሷታል።

"ማሻአላህ፣ ማሻአላህ!" አለች ከሩቅ።

መጋዙን የመረቀችልኝ መስሎኝ "አላህ ይስጥሽ" ብዬ ጉዞዬን ቀጠልኩ። መቆም አልቻልኩም፤ ከወረደ መልሼ ማዘሌን እንጃ። እሷ ግን ተከተለችኝ። በጎኔ የወጣውን ምላስ በነጠላው እየሸፈነች፣ እግሩን ፀሐይ እንዳያገኘው ነገረችኝ። ዳበስ አደረገችና አጥንቱ እንዴት ጠንካራ እንደሆነ አደነቀች። ይሄኔ ነው ምን እንዳየች የገባኝ። አፌን ልከፍት ስል ደግሞ ጎንበስ ብላ ቀሚሴን አየች።

"ውይ ዘሃራ፣ ሸንቶብሻል" አለችኝ።

እጄን ወደ ኋላ ሰደድኩ... እርጥብ ነው! ለካ መጋዝ ሞልተው ሲያዘነብሉት የሰንሰለቱን ዘይት ያፈሳል። ላስረዳት ስዞር መጋዙ በምላሱ በኩል ጎትቶ አንገዳገደኝ። ተስተካክዬ ቀና ስል ፋጤ የለችም። ዓይኗ ቢደክምም እግሯ ደህና ነው።

ቤት የገባሁት አንድ ትከሻዬን ወደ ታች ጥዬ ነው። መጋዙ መንገዱን ሙሉ ወደ አንድ ወገን ሲጎትተኝ እንደነበር ለይመር ነገርኩት። አስተዛዘሌ እንጂ መጋዙ ምንም እንደሌለበት ተከራከረኝ። ክርክራችንን ሳንጨርስ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ከድጃ ናቸው።

በእጃቸው በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዘዋል። ተቀመጡ። እኔን አዩ፤ ይመርን አዩ፤ እንደገና እኔን አዩ።

"ልጄን ከማጨታችሁ በፊት ነው ወይስ በኋላ?" አሉ።

የይመር ፊት አመድ ሆነ። እኔ ፋጤን በልቤ ስንት እንዳልኳት አልነግራችሁም።

"እትዬ ከድጃ፣ ወላሂ..." ብዬ ጀመርኩ።

"አትማይ፤ ልጁን አምጪው" አሉኝ። "ልጅ ምን ጥፋት አለው? ቅቤም ይዤለታለሁ። ከአባቱ ጋር ግን እነጋገራለሁ።"

ማስረዳቱ እንደማያዋጣ ገባኝ። ጓዳ ገባሁና መጋዙን ከነጠላው ሳልፈታ አምጥቼ ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩት። እትዬ ከድጃ ቢስሚላህ ብለው ነጠላውን ገለጡ። ለረጅም ጊዜ ትክ ብለው አዩት።

"አባቱን አይመስልም" አሉ።

ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እያለቀሱ ነው ብዬ ልነሳ ስል ለካ ሳቅ ነው! እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ይመር ብቻ ለመሳቅ ፈቃድ የሚጠብቅ መስሎ ቆሞ ቀረ።

እንባቸውን ጠርገው ሲያበቁ ነጠላቸውን አደገደጉና መጋዙን በላይኛው መያዣው አንጠልጥለው አነሱት። ወዲያው ምላሱ ዘፍ ብሎ ወደ መሬት ወረደ። ደግመው አነሱት፤ ደግሞ ወረደ። እትዬ ከድጃ ሰባት ልጅ ያሳደጉ ሴት ናቸው።

"አንገቱ አልጸናም" አሉ። "ዘሃራ፣ ይሄን ነው ለልጅሽ የምትሰጪው? ሲሠራ የሚውለው ጭንቅላቱን እየደገፈ ነው?"

መንገዱን ሙሉ ጀርባዬ ሲነግረኝ የነበረውና እኔ ቃል ያጣሁለት ነገር ይኸው ነበር። ይመር ግን ሾላው ወፍራም እንደሆነ፣ ምላሱ ካልረዘመ ከወዲያ ማዶ እንደማይደርስ ሊያስረዳቸው ሞከረ።

"ሾላው ስንት ጎን አለው?" አሉት።

"ሁለት።"

"እንግዲያ በሁለቱም ግባበታ።"

በዚያው ከሰዓት ሦስታችን ወደ ጋሼ ታደሰ ሱቅ ተመለስን። ጋሼ ታደሰ ሁለት እናቶች ሲገቡ አይተው ከወንበራቸው ተነሱ፤ ይህ ብቻውን ጋዜጣ ላይ የሚወጣ ዜና ነው። ግድግዳው ላይ ያሉትን አንድ በአንድ አስወረድን። እኔ እያነሳሁ፣ እትዬ ከድጃ ጎንበስ ብለው በጎኑ እያዩ ፈተሽን። አንዱ ትንሽ ሞተር ይዞ ምላሱ ረጅም ነው፤ ተደፋ። ሌላው ሞተሩ ትልቅ፣ ምላሱ አጭር ነው፤ እንደ እልኸኛ አህያ ቂጡን ጥሎ ተቀመጠ። ጋሼ ታደሰ የዚያኑ ሞተር ምላስ በመካከለኛ ቀየሩልን፤ ከአሮጌው የሚረዝም፣ ከትልቁ የሚያጥር። አሁንም ሁለቱንም ሆዱን አስሞላሁት። አነሳሁት። ትከሻ ላይ እንቅልፍ እንደወሰደው ልጅ ጋደም አለ! አፍንጫው ብቻ ትንሽ ዝቅ ብሏል። እትዬ ከድጃ ቀስ ብለው ወዘወዙት።

"ይሄስ ስድስት ወሩን አልፏል" አሉ።

አንድ ፈተና ቀርቶኝ ነበር። መጋዙን ለይመር ሰጠሁትና፣ ሞተሩን ሳያስነሳ፣ እንደሚቆርጥ ሰው ወደፊት ዘርግቶ እንዲቆም አዘዝኩት። እኛ ሴቶች ስለ ችግኙ ማውራት ጀመርን። ሆን ብለን ነው። የባጃጅ ሾፌሮቹ እንደገና ተሰብስበዋል። ወሬያችንን ስናበቃ ክንዱ መንቀጥቀጥ ጀምሯል።

"ከበደህ?" አልኩት።

ሾፌሮቹን አየ። አማቱን አየ። አሁንም "ላባ ነው" ካለኝ መጋዙንም ሾላውንም ሰርጉንም ልተወው ለራሴ ቃል ገብቻለሁ።

"ትንሽ... አዎ፣ ከበደኝ" አለ። "እየሠራሁ በመሃል አሳርፈዋለሁ።"

እልል ልል ምንም አልቀረኝ! ለእኔ ያን ቀን የተገዛው መጋዝ አይደለም፤ ያቺ ቃል ናት። "ከበደኝ" ማለት የሚያውቅ ልጅ ማረፍ ያውቃል፤ ማረፍ የሚያውቅ እግሩን ይዞ ወደ ቤቱ ይመጣል።

ቅዳሜ ማለዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራውን ለማየት ሄድኩ። ማየት እንኳ አላየሁም፤ ቦዩ ዳር ርቄ ተቀምጬ በነጠላዬ ተሸፈንኩ። መጋዙ ጮኸ፤ አረፈ፤ ጮኸ፤ አረፈ። ልጄ በቃሉ ነው ያለው። በአንዱ ጎን ገባ፤ ዞሮ በሌላው ገባ። ከዚያ ዝም አለ። ዝምታው ረዘመ። ተነሳሁ፤ ነጠላዬን ገለጥኩ... ይመር መጋዙን መሬት ላይ አስቀምጦ ላቡን ይጠርጋል። ውሃው በተቆረጠው ሾላ መሃል እየተንኳለለ ወደ እትዬ ከድጃ ሽንኩርት ይወርዳል። እትዬ ከድጃ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ቦዩ ውስጥ ቆመዋል፤ በእግራቸው ውሃውን ወደ ማሳው እየገፉ፣ እንደ ልጅ።

የፋጤ ወሬ እስከ ጀውሃ ወርዶ ኖሮ አሁንም መንገድ ላይ የሚያስቆመኝ ሰው አለ። "ልጁ እንዴት ነው?" ይሉኛል። ማስረዳቱን ትቼዋለሁ። "አልሐምዱሊላህ፣ ጥርሱን አውጥቶ ዛፍ መብላት ጀምሯል" እላለሁ።

ሽንኩርቱ ሲደርስ ሰርጉ እንዲሆን ተስማማን። እትዬ ከድጃ በተስማማንበት ቀን ከቤታቸው ልወጣ ስል በር ላይ ያዙኝና የነጠላዬን የዘይት እድፍ እያዩ፣ ደህና አድርጌ እንዳጥበው፣ የሚቀጥለው የሚታዘልበት እውነተኛ ልጅ እንደሆነ ነገሩኝ።

"ግን አደራ፣ የማያፈስ ይሁን" አሉኝ።

"እትዬ ከድጃ፣ ለሌላው ሁሉ ዱአ አደርጋለሁ" አልኳቸው። "ለማፍሰሱ ግን ዋስ አልሆንም።"