በረኛው ታምራት የተነሣበትና የተመለሰበት ስብሰባ

የጉና ጮራ እግር ኳስ ቡድን ደጋፊዎች ማኅበር፣ ደብረ ታቦር
የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ ዓርብ፣ ጥር 20 ቀን 2008 ዓ.ም.
ሰዓት፦ ለ9፡00 ተጠርቶ 9፡50 ተጀመረ።
ቦታ፦ የጸሐፊው የገብስ መጋዘን። አዳራሽ ተፈቅዶልን ነበር፤ ቁልፉን የያዘው ሰው ግን ያለፈውን ጨዋታ ስላየ አልሰጥም ብሏል።

የተገኙ፦
1. አቶ እሸቴ፣ ሰብሳቢ፣ ጡረተኛ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ
2. ወ/ሮ ብዙነሽ፣ አባል፣ ምግብ ቤት ያላቸው
3. ወ/ሪት ዝናሽ፣ አባል፣ ከኩዌት ከተመለሱ ሁለት ዓመታቸው፣ ዲሽ ያላቸው
4. አቶ ዘርትሁን፣ የጭፈራ ኃላፊ፣ የባጃጅ ሾፌር
5. ጌጡ፣ ጸሐፊ፣ የእህል ነጋዴ

ያለ ድምፅ የተጋበዙ፦ አሰልጣኝ ይርጋ፣ የስፖርት መምህር።

በደጅ፦ በረኛው ታምራት፣ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ። ጉዳዩ ስለሚመለከተው እንዳይገባ፣ ጉዳዩ ስለሚመለከተውም እንዳይሄድ ተነግሮት ደጃፍ ላይ ተቀምጧል።

ያልተገኙ፦ ሁለት። አንዱ ለቅሶ ላይ ናቸው። አቶ ሙላቴ በስልክ ሲጠሩ “ሲያሸንፉ ጥሩኝ” ብለው ዘግተዋል።

ከሰባት አባላት አምስቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። የማኅበሩ መዝገብ ከሦስተኛው ሽንፈት በኋላ በአቶ ዘርትሁን ስለተቀደደ፣ ይህ ቃለ ጉባኤ በጸሐፊው የዕለት ማስታወሻ ደብተር ላይ ሰፍሯል። አባላቱ በጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። ለሰብሳቢው ወንበር ተሰጥቷል።

አጀንዳ 1፦ ቡድኑ ባለፉት አምስት ጨዋታዎች ያሳየውን አቋም መገምገም

አሰልጣኝ ይርጋ ሪፖርት አቀረቡ። አምስት ጨዋታ፣ አራት ሽንፈት፣ አንድ አቻ። የገባብን አሥራ አንድ፣ ያገባነው ሁለት፤ ከሁለቱ አንዱን ያገባልን የተጋጣሚያችን ተከላካይ ነው። አቻ የወጣነው ከጉና ተራራ የወረደ ጭጋግ ሜዳውን ሸፍኖት ዳኛው በአሥራ ሰባተኛው ደቂቃ ባቋረጡት ጨዋታ ነው። ሰብሳቢው፣ የቡድኑ ምርጥ አቋም የታየው ያን ዕለት እንደሆነ ገለጹ። አቶ ዘርትሁን “ማን አየው?” አሉ።

ወ/ሪት ዝናሽ፣ ልጆቹ አሰላለፍ የሚባል ነገር እንደማያውቁ፣ ኳሷ ወደሄደችበት አሥሩም እንደ ንብ መንጋ እንደሚተሙ፣ በዲሽ የሚያዩዋቸው ቡድኖች ግን በአራት፣ በሦስት፣ በሦስት እንደሚሰለፉ አስረዱ። አቶ ዘርትሁን በጣታቸው ቆጥረው “አሥር ነው የሆነው፤ አንዱን የት ጣልሽው?” ሲሉ ጠየቁ። ወ/ሪት ዝናሽ፣ በረኛ በዚህ ውስጥ እንደማይቆጠር መለሱ። ወ/ሮ ብዙነሽ “ካልተቆጠረ ታዲያ ለምን ይባረራል?” አሉ። ሰብሳቢው፣ ይህ የሁለተኛው አጀንዳ ጉዳይ ስለሆነ ሳይደርሱበት እንዳይነካ አሳሰቡ።

ጸሐፊው ግቦቹ የገቡበትን ሰዓት ከማስታወሻ ደብተሩ አነበበ። ከአሥራ አንዱ ሰባቱ የገቡት ከቀኑ 10፡30 በኋላ ነው። የግራ ተመላላሹ የጎረቤታችን ከተማ የገሳይ ልጅ ነው። የመጨረሻው የገሳይ ሚኒባስ የሚነሣው 10፡30 ሲሆን ጨዋታው ያኔ ገና አሥራ አምስት ደቂቃ ይቀረዋል። ልጁ ሰዓቱ ሲደርስ ከሜዳ ወጥቶ ወደ መናኸሪያ ይሮጣል። ሰባቱም ግቦች የመጡት እሱ በለቀቀው በኩል ነው። ለምን ቅያሪ እንደማይገባ ወ/ሪት ዝናሽ ጠየቁ። አሰልጣኙ፣ ቅያሪውም የገሳይ ልጅ ስለሆነ አብረው እንደሚሄዱ አስረዱ። አያይዘውም ልጁ በዚያ ሰዓት የሚሮጠውን ሩጫ በጨዋታ መካከል ቢሮጠው ማንም እንደማይደርስበት ተናገሩ።

ከረጅም ውይይት በኋላ የተወሰነ፦
ሀ) አቻ የወጣንበት የአየር ጠባይ ለወደፊቱም ይታሰብበት።
ለ) የገሳይ ሚኒባስ ጨዋታው እስኪያልቅ እንዲጠብቅ ለተራ አስከባሪዎች ይነገር።
በሙሉ ድምፅ አለፈ።

አጀንዳ 2፦ የበረኛው ጉዳይ

ወ/ሮ ብዙነሽ ሥነ ሥርዓት ጠየቁ። ታምራት የሰብሳቢውን ልጅ ሰብለወንጌልን ለማግባት ሁለት ጊዜ ሽማግሌ መላኩን፣ ሰብሳቢውም ሁለቱንም ጊዜ “ይህን ያህል የተበሳ በር ይዞ የእኔን በር ያንኳኳል? እሑድ ከሐሙሲት ከተማ ቡድን ጋር ሲጫወት በሩን ከጠበቀ ያኔ እናያለን” ብለው መመለሳቸውን አስታወሱ። እሑድ ካልተሰለፈ የሚጠብቀው በር እንደማይኖረው፣ ዐቢይ ጾም ከገባ ሠርግ እንደማይደገስ፣ ከጾሙ በኋላ ደግሞ ልጅቷ ለሥራ ወደ ሌላ አገር እንደምትዛወር ዘርዝረው፣ ስለዚህ ሰብሳቢው ለዚህ አጀንዳ ወንበሩን እንዲለቁ ጠየቁ።

ሰብሳቢው፣ አባት የሚሆኑት ቤታቸው እንደሆነ፣ እዚህ ግን ሰብሳቢ ብቻ እንደሆኑ መለሱ።

ወ/ሮ ብዙነሽ፦ “ጋሽ እሸቴ፣ ሁለቱም የለበሱት አንድ ጋቢ ነው።”

ወንበሩ አልተለቀቀም። ወ/ሮ ብዙነሽ በመቀጠል ልጅቷን ራሳቸው ጠይቀዋት “እኔ የማገባው ሰውየውን ነው፤ በሩን አይደለም” እንዳለቻቸው ተናገሩ። ሰብሳቢው ይህ እንዳይመዘገብ አዘዙ። ትእዛዙ ተመዝግቧል።

አሰልጣኝ ይርጋ ስለ በረኛው ሊናገሩ ሲነሡ፣ ሁለቱንም ጊዜ ሽማግሌ ሆነው የሄዱት እሳቸው ስለሆኑ ተቀመጡ ተባሉ። ተቀመጡ።

አቶ ዘርትሁን፣ ታምራት ቀጭን ስለሆነ በሩ ላይ ሲቆም በሩ ባዶ እንደሚመስል፣ ይህም የተጋጣሚን አጥቂ እንደሚጋብዝ አስረድተው፣ በምትኩ አቶ ሙላቴ እንዲቆሙ ሐሳብ አቀረቡ። እሳቸው ምንም ሳይንቀሳቀሱ ግማሹን በር እንደሚዘጉ ገመቱ። ወ/ሪት ዝናሽ “ከላይ በኩል የሚመጣውስ?” ሲሉ ጠየቁ። አቶ ዘርትሁን በርጩማ ሊሰጣቸው እንደሚችል መለሱ። ወ/ሪት ዝናሽ ይህ በየትኛውም ዲሽ ታይቶ እንደማይታወቅ ገለጹ።

በዚህ ጊዜ ከደጅ ሳል ተሰማ። የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ሁሌም ያስለዋል ተብሎ ታለፈ።

ድምፅ ተሰጠ። ይነሣ ያሉ ሁለት፣ ሰብሳቢውና አቶ ዘርትሁን። አይነሣ ያሉ ሁለት፣ ወ/ሮ ብዙነሽና ወ/ሪት ዝናሽ። ጸሐፊው የበሶ ገብሱን የሚፈጭለት ታምራት በመሆኑ ድምፅ አልሰጠም። ሁለት ለሁለት ስለሆነ የሰብሳቢው ድምፅ እንደ ሁለት ተቆጠረ።

የተወሰነ፦ በረኛው ታምራት ከእሑዱ ጨዋታ ይነሣ። አቶ ሙላቴ በሌሉበት በረኛ ሆነው ተመርጠዋል። በስልክ ሊነገራቸው ተሞክሮ፣ አሸንፈን እንደሆነ ጠይቀው አለመሆኑን ሲሰሙ ዘግተዋል።

አጀንዳ 3፦ እሑድ ከሐሙሲት ቡድን ጋር ስለሚደረገው ጨዋታ

አቶ ዘርትሁን፣ የሐሙሲት ልጆች ቅዳሜ በሚያድሩበት ቤት ደጃፍ እስኪነጋ ከበሮ እንዲመታ ጠየቁ። ወ/ሮ ብዙነሽ “የሚያድሩት እኔ ቤት ነው፤ ከበሮህን እዚያ ካየሁት ሽሮ እሠራበታለሁ” ስላሉ ሐሳቡ ወደቀ።

ሰብሳቢው፣ በአገራችን ሰው ከሰው ጋር ሲቸገር የሚያደርገው የታወቀ እንደሆነ፣ ደምም ቢሆን በሽማግሌ እንደሚደርቅ፣ ስለዚህ ነገ ጧት ሦስት ሽማግሌዎች ሐሙሲት ወርደው አቻ እንዲሰጡን እንዲለምኑ ሐሳብ አቀረቡ። የሚባለውም ቃል በቦታው ተረቀቀ፦ “ለልጆቻችን አንዲት ነጥብ ፈልገን መጥተናል፤ እናንተም አንዲቷን ያዙ፤ ቃል ሳንሰማ አንቀመጥም።” ሽማግሌዎቹን እሳቸው እንዲመሩ አቶ ዘርትሁን ጠቆሙ። ወ/ሮ ብዙነሽ፣ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ያሳፈሩ ሰው ሦስተኛውን ሲመሩ መንገድ ላይ ጎማ እንዳይፈነዳ እንደሚሰጉ ተናገሩ። ከረጅም ውይይት በኋላ በሙሉ ድምፅ አለፈ።

ስለ እንግዶች መምጣት

11፡10 ሲሆን ታምራት በሩን ከፍቶ “ከሐሙሲት ሽማግሌዎች መጥተዋል” አለ። ሦስት ሰዎች ገብተው ቆሙ። ወንበርም ጆንያም ቀረበላቸው፤ አልተቀመጡም።

የመሩት አቶ ፈንታሁን የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ንግግራቸው እንዲህ ነበር፦ “እንዴት ዋላችሁ። ቃል ሳንሰማ አንቀመጥም። ልጆቻችን አምስት ጊዜ ተከታትለው ተሸነፉ። ስድስተኛውን ከእናንተ ጨምረን ሐሙስ ገበያ ላይ በምን ፊት እንታያለን? በማርያም፣ አቻ ስጡን።”

ሰብሳቢው ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ የቡድናችን ብርታት እስከ ሐሙሲት መሰማቱ እንዳላስገረማቸው፣ ሆኖም ከማን እንደሰሙ ማወቅ እንደሚፈልጉ ተናገሩ።

አቶ ፈንታሁን ወደ ጸሐፊው አመለከቱ። “ትናንት ገብስ ይዞ ገበያችን ወርዶ ነበር። ‘በረኛችሁ እንዴት ነው?’ ብንለው ‘እሑድ መጥታችሁ እዩት’ ብሎ ሚዛኑን ቀጠለ። ነጋዴ የሚደብቀው ጥሩ ዕቃውን ነው። ያን ጊዜ ነው የፈራን።”

አባላቱ ሁሉ ወደ ጸሐፊው ዞሩ። ጸሐፊው፣ በሰው ገበያ የራሱን ዕቃ የማማት ልማድ እንደሌለው ገልጾ መጻፉን ቀጠለ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ በሩ ላይ የቆመውን፣ ከራሱ እስከ እግሩ ዱቄት የለበሰውን ታምራትን አይተው “ይኼ ነው እንዴ?” ብለው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። አቶ ፈንታሁንም እንዲህ ያለ በረኛ ያላት ከተማ የታደለች መሆኗን ተናግረው የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቁ።

ወ/ሮ ብዙነሽ፦ “የጋሽ እሸቴ አማች ሊሆን ነው አባቴ። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኳል፤ የሚጠብቀው የሳቸውን ቃል ብቻ ነው።”

አቶ ፈንታሁን፦ “እንዲያ ከሆነማ ሦስተኛዎቹ እኛ ነን። ለሁለቱም ቆመናል።”

ሰብሳቢው ወደ አቶ ዘርትሁን ተመለከቱ። አቶ ዘርትሁን ወደ ጣሪያው ተመለከቱ። ሽማግሌዎቹ ቆመዋል፤ ትልቁ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ይህም ይታያል። ሰብሳቢው በመጨረሻ “እናንተን አቁሜ እምቢ አልልም። ሰብለወንጌልን ሰጥቻለሁ፤ ሠርጉ ከጾሙ በፊት ይሁን” አሉ። ሽማግሌዎቹ መረቁ፤ ተቀመጡ። ታምራት የሰብሳቢውን ጉልበት ሳመ፤ ዱቄቱ ጋቢያቸው ላይ ቀረ።

ስለ አቻው፣ ሰብሳቢው ቃል ለመስጠት እንደሚቸገሩ፣ ነገር ግን ልጆቻችን ከሁለት ግብ በላይ እንዳያገቡ እንደሚመክሯቸው አስታወቁ። ሽማግሌዎቹ አመስግነው 11፡40 የሐሙሲት መኪና እንዳያመልጣቸው ወጡ።

ማጠቃለያ ውሳኔ

ሰብሳቢው፣ የቡድኑ አቋም በገለልተኛ ወገን ተገምግሞ ከፍተኛ ሆኖ በመገኘቱ፣ ለደካማ ቡድን ተብሎ የተወሰነው ሁሉ እንዲሻር ሐሳብ አቀረቡ። ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተለው በሙሉ ድምፅ ተወሰነ፦

“ከአጀንዳ 1 እስከ አጀንዳ 3 እጅ ወጥቶበት የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል።”

ስለዚህ ታምራት ወደ በሩ ተመልሷል። አቶ ሙላቴ ሳያውቁት ከተሾሙበት ሥራ ሳያውቁት ተሰናብተዋል። ወደ ሐሙሲት የሚሄድ ሽማግሌ የለም።

አሰልጣኝ ይርጋ፣ የሚኒባሱም ውሳኔ አብሮ መሻሩን፣ እሑድም 10፡30 ሲሆን የግራ ተመላላሹ እንደወትሮው እንደሚሄድ አስታወሱ። ሰብሳቢው ይህን ሲሰሙ፣ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ ከተሻረ፣ ስለ ልጃቸው የተናገሩትም አብሮ እንደተሻረ እንዲመዘገብ ጠየቁ።

ጸሐፊው ውሳኔውን ድጋሚ አነበበ። የሚሽረው እጅ የወጣበትን ነው። ስለ ሰብለወንጌል እጅ አልወጣም፤ ቃል ነው የተሰጠ፣ እሱም በቆሙ ሽማግሌዎች ፊት። ይህ ኮሚቴ ያልወሰነውን ሊሽር አይችልም።

ሰብሳቢው እንግዲያውስ አሁኑኑ እጅ እንዲወጣበት ጠየቁ። ወ/ሮ ብዙነሽና ወ/ሪት ዝናሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ከሰባት አባላት ሦስት ስለቀሩ ምልዓተ ጉባኤው ጎደለ፤ ስብሰባውም በራሱ ጊዜ 12፡05 ላይ ቆመ።

ሰብሳቢው ቃለ ጉባኤውን ከፈረሙ በኋላ እስክሪብቶውን ወደ በሩ ወረወሩት። ታምራት በግራ እጁ ቀለበው። አሰልጣኝ ይርጋ ይህ በግምገማው ውስጥ እንዲገባ ጠየቁ፤ ስብሰባው ስላበቃ አልገባም። ደብተሩ ግን የእኔ ነውና እዚህ ጽፌዋለሁ፦ በዘንድሮው ውድድር ወደሱ ከተላከው ሁሉ ሳያመልጠው የያዘው የመጀመሪያው ይህ ነው።